ብዙ የተሸጠ መድኃኒት ገበያውን ሲያጠፋ

የልጆች ሳንባ ምች፣ የአዚትሮማይሲን ጉዞና የነጋዴው ስሌት

የልጅ ሳል ሲበረታ ወላጅ ዋጋ አይከራከርም። ጫማ ለመግዛት ሦስት ሱቅ የሚዞር አባት መድኃኒት ቤት ሲገባ የተባለውን ከፍሎ ይወጣል። በዚህም ምክንያት በሽሮፕ መልክ የሚቀርብ የልጆች አንቲባዮቲክ ለአስመጪውም ለጅምላ አከፋፋዩም ለቸርቻሪውም የማያሳፍር ዕቃ ተደርጎ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ይኸው «የማያሳፍር» የተባለ ዕቃ በሩቅ ምሥራቅ ገበያ የገጠመው ዕጣ በዘርፉ ላይ ያለን ነጋዴም ሆነ ሊገባበት የሚያስብን ባለገንዘብ ቆም ብሎ እንዲያስብ የሚያደርግ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ2023 የመጨረሻ ወራት በሰሜን ቻይና የሚገኙ የሕፃናት ሆስፒታሎች በሚያስሉ ልጆች ተጨናነቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ኖቬምበር 22 ቀን ከቻይና ባለሥልጣናት ማብራሪያ ጠየቀ። በማግስቱ የተሰጠው መልስ አዲስ በሽታ አልተገኘም የሚል ነበር። ከሜይ ወር ጀምሮ በልጆች ላይ የበዛው ማይኮፕላዝማ ኒሞኒዬ የተባለ የቆየ ተሕዋስ ሲሆን፣ ከኦክቶበር ወዲህ ደግሞ ኢንፍሉዌንዛና ሌሎች ቫይረሶች ተደርበውበት ነበር።

ዓለም «ሌላ ኮቪድ መጣ ወይ?» ብሎ ሲደነግጥ፣ የመድኃኒት ገበያን ለሚከታተል ሰው ግን ጥያቄው ሌላ ነበር። ለዚህ ተሕዋስ በመጀመሪያ የሚታዘዘው አዚትሮማይሲን በዚያ አገር ምን ያህል ይሠራል? መልሱ የሚያስደስት አልሆነም። በቻይና ልዩ ልዩ ሆስፒታሎች የተደረጉ ምርመራዎች እንዳሳዩት፣ ከታመሙት ልጆች ከተወሰደው ማይኮፕላዝማ ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው መድኃኒቱን ተላምዶታል። በሌላ አነጋገር ዕቃው መደርደሪያ ላይ አለ፣ ገዢው በር ላይ ተሰልፏል፣ መድኃኒቱ ግን የሚጠበቅበትን አይሠራም።

ግድግዳ የሌለው ተሕዋስ

ለመሆኑ ማይኮፕላዝማ ምንድን ነው? ራሳቸውን ችለው ከሚራቡ ተሕዋስያን ሁሉ እጅግ ትንሹ ከሚባሉት አንዱ ሲሆን፣ ከሌሎች ባክቴሪያዎች የሚለየው ዙሪያውን የሚከልል የሕዋስ ግድግዳ የሌለው መሆኑ ነው። ይህ ነገር ለነጋዴው ትልቅ ትርጉም አለው። ፔኒሲሊን፣ አሞክሲሲሊንና ሴፍትሪያክሶን የሚሠሩት የባክቴሪያውን ግድግዳ በማፍረስ ነው። የሚፈርስ ግድግዳ ከሌለ ደግሞ በየመድኃኒት ቤቱ በብዛት የሚሸጡት እነዚህ መድኃኒቶች ምንም አይፈይዱም።

በሽታው የሚይዘው በተለይ ለትምህርት የደረሱ ልጆችን ነው። ተሕዋሱ ገብቶ ምልክት እስኪያሳይ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ስለሚወስድ አንዱ ልጅ ሲሻለው ሌላው ይጀምረዋል፤ በአንድ ቤት ወይም በአንድ ክፍል ለወራት ሊዞር ይችላል። ወረርሽኙም በየዓመቱ እኩል አይመጣም። በየሦስትና ሰባት ዓመቱ ገደማ ያገረሻል። በኮቪድ ዘመን ርቀት በመጠበቁና ጭንብል በመደረጉ ከብዙ አገሮች ጠፍቶ ቆይቶ ነበር፤ በ2023 ተመለሰ። በ2024 ደግሞ ተራው የአሜሪካና የጃፓን ሆነ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እንዳስታወቀው፣ በሳንባ ምች ድንገተኛ ክፍል ታይተው ከተሸኙ የ2 እስከ 4 ዓመት ልጆች መካከል ማይኮፕላዝማ የተገኘባቸው በማርች መጨረሻ 1 በመቶ የነበሩ ሲሆን፣ በኦክቶበር መጀመሪያ 7.2 በመቶ ደርሰዋል።

እዚህ ላይ መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። አብዛኞቹ ልጆች ያለ ምንም መድኃኒት ይድናሉ። መድኃኒት የግድ የሚሆነው በሽታው ወደ ሳንባ ምች ሲዞርና ሲጠና ነው። እንግዲህ የዚህ ዕቃ እውነተኛ ገበያ ከሚሸጠው ብዛት እጅግ ያነሰ መሆኑን ከመነሻው ልብ ይሏል።

ከፊሊፒንስ አፈር እስከ ዛግሬብ

ግድግዳ የማይፈልጉት፣ ይልቁንም የተሕዋሱን የፕሮቲን ማምረቻ የሚዘጉት መድኃኒቶች ማክሮላይድ ይባላሉ። የመጀመሪያው ኤሪትሮማይሲን ነው። በ1949 አቤላርዶ አጊላር የተባለ ፊሊፒናዊ ሐኪም ከኢሎኢሎ ግዛት ያነሳውን አፈር ይሠራበት ለነበረው ለአሜሪካው ኢላይ ሊሊ ኩባንያ ላከ። ከዚያ አፈር ከተገኘው ረቂቅ ሕይወት የተቀመመው መድኃኒት በ1952 ለገበያ ቀረበ። ኩባንያው «ኢሎሶን» የሚለውን የንግድ ስም ከአፈሩ አገር ስም ወሰደ። ሐኪሙ ግን ከሽያጩ ድርሻ ይገባኛል ብሎ ጠይቆ፣ ሳያገኝ በ1993 አረፈ።

ኤሪትሮማይሲን ይሠራል፤ ነገር ግን ለልጅ አስቸጋሪ ነው። ሆድ ያውካል፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ መሰጠት አለበት፣ ሕክምናውም እስከ አሥራ አራት ቀን ይዘልቃል። ይህንን ክፍተት የሞላው ከታላላቆቹ ኩባንያዎች አንዱ አልነበረም። በያኔዋ ዩጎዝላቪያ፣ በዛግሬብ ከተማ የሚገኘው ፕሊቫ የተባለ ድርጅት ተመራማሪዎች በ1980 የኤሪትሮማይሲንን ቅርጽ ለውጠው አዚትሮማይሲንን ሠሩ፤ በ1981 የባለቤትነት መብት ጠየቁበት። የአሜሪካው ፋይዘር ባለሙያዎች የፓተንት መዝገብ ሲያገላብጡ አገኙትና በ1986 ስምምነት ተፈረመ። ፋይዘር የአሜሪካንና የምዕራብ አውሮፓን ገበያ ያዘ፤ ፕሊቫ የመካከለኛውንና የምሥራቅ አውሮፓን ለራሱ አስቀረ። በ1988 «ሱማሜድ» በዩጎዝላቪያ፣ በ1991 ደግሞ «ዚትሮማክስ» በአሜሪካ ገበያ ላይ ዋሉ። ፕሊቫ ከፋይዘር በሚያገኘው የመብት ክፍያ ጠንክሮ በ1996 አክሲዮኑን ለለንደን ገበያ እስከ ማቅረብ ደረሰ።

የመድኃኒቱ የገበያ ብልጫ በቀላል ስሌት ይታያል። 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ይታሰብ። በተለመደው አሰጣጥ በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 10 ሚሊግራም፣ በቀጣዮቹ አራት ቀናት በኪሎ 5 ሚሊግራም ይሰጠዋል። በ5 ሚሊሊትር 200 ሚሊግራም ባለው ሽሮፕ ሲሰላ መጀመሪያ 5 ሚሊሊትር፣ ከዚያ 2.5 ሚሊሊትር ለአራት ቀን ይሆናል። ድምሩ 15 ሚሊሊትር፣ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ማለት ነው። ያው ልጅ ኤሪትሮማይሲን በኪሎ 40 ሚሊግራም ሒሳብ ለአሥር ቀን ቢታዘዝለት በተመሳሳይ ጥንካሬ 200 ሚሊሊትር፣ ማለትም ባለ 100 ሚሊሊትር ሁለት ጠርሙስ ያስፈልገዋል። (ይህ ለንግድ ስሌት የቀረበ ነው፤ ለታመመ ልጅ መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው።) በካርቶን፣ በማጓጓዣና በመጋዘን ቦታ ሲታሰብ ልዩነቱ ግልጽ ነው። በተጨማሪም በዱቄት መልክ ስለሚመጣ እስኪበጠበጥ ድረስ ማቀዝቀዣ አይሻም። ተወዳዳሪው ክላሪትሮማይሲን በቀን ሁለት ጊዜ ይወሰዳል፤ ሽሮፑም ምሬት ስላለው ልጆች ይተፉታል።

በ2005 የፋይዘር የዚትሮማክስ ሽያጭ በዓመት ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ የአሜሪካው ፓተንት አበቃ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም ነጋዴ ያውቀዋል፤ ሁሉም አመረተው፣ ዋጋው ወረደ፣ ዕቃው በየመንደሩ ተበተነ።

ምንጩ አንድ የሆነ ጥሬ ዕቃ

በስም ስንቆጥር አዚትሮማይሲን በመቶ የሚቆጠሩ አምራቾች አሉት። ወደ ጥሬ ዕቃው ስንወርድ ግን ገበያው ይጠባል። መድኃኒቱ እስከ ዛሬ የሚሠራው ከኤሪትሮማይሲን ተነሥቶ ነው፤ ኤሪትሮማይሲን ደግሞ በትላልቅ ጋኖች ውስጥ በመብላላት ይመረታል። የዚህ መነሻ ጨው፣ ኤሪትሮማይሲን ታዮሳይኔት የሚባለው፣ በብዛት የሚመጣው ከቻይና ነው። ክኒኑንና ሽሮፑን ለአፍሪካ የምትሸጠው ሕንድ ራሷ መነሻውን ከቻይና ትገዛለች።

ይህ ሰንሰለት ሲጠብ ምን እንደሚሆን በ2020 ታይቷል። ኮቪድ የቻይናን ፋብሪካዎች ባስተጓጎለ ጊዜ የሕንድ መንግሥት በማርች ወር በ26 ጥሬ ዕቃዎችና መድኃኒቶች ላይ የውጭ ሽያጭ ገደብ ጣለ፤ የኤሪትሮማይሲን ጨዎች ከዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ገደቡ በሚቀጥለው ወር በአብዛኛው ተነሣ። በዚያው ሰሞን አዚትሮማይሲን ለኮቪድ ይሆናል ተብሎ ፈላጊው በዓለም ዙሪያ በዛ። በእንግሊዝ አገር የተካሄዱ ሰፋፊ ጥናቶች ግን በኮቪድ ለታመሙ ሰዎች እንደማይጠቅም አረጋገጡ። ለማይረባ ነገር የተሸጠው ያ ሁሉ ክኒን ግን ተሕዋስያኑን አለማምዶ ሄደ።

ጃፓን ያሳየችው መንገድ

የመላመዱ ጉዳይ ለነጋዴ ከባድ የሚሆነው በአንድ ቅጽበት ስለማይታይ ነው። ጊዜው ያለፈበት ጠርሙስ ቀኑ ተጽፎበታል። ተሕዋሱ የተላመደው መድኃኒት ግን ጠርሙሱ አዲስ፣ ማኅተሙ ያልተፈታ፣ ቀኑ ያላለፈ ሆኖ ሳለ ዋጋ የለውም። በማይኮፕላዝማ ላይ ይህን ለማምጣት በተሕዋሱ የዘር ጽሑፍ ውስጥ የአንዲት ፊደል መለወጥ ይበቃል። መድኃኒቱ ያለ ልክ በተሰጠ ቁጥር ያች ፊደል የተለወጠችበት ዘር ብቻ ይተርፋል፣ ይራባልም።

ጃፓን ይህን ቀድማ አየችው። ልጆች ላይ የተላመደ ማይኮፕላዝማ የተገኘው በ2000 ዓመት አካባቢ ሲሆን፣ በ2012 ገደማ ከተመረመሩት ከ80 በመቶ በላይ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ግን ቁጥሩ ወረደ። ባለሙያዎች ሁለት ምክንያት ይሰጣሉ። አንደኛው ሐኪሞች ማክሮላይድ ማዘዝ መቀነሳቸውና ሌላ መድኃኒት መጠቀማቸው ነው። ሁለተኛው የሚዘዋወረው የተሕዋሱ ዘር ዓይነት መለወጡ ነው። ቁም ነገሩ ግን አንድ ነው፤ የተበላሸ ገበያ ጊዜ ከተሰጠው ሊያገግም ይችላል።

ወደ ተተኪዎቹ ስንመጣ ዶክሲሳይክሊንና ሚኖሳይክሊን ይገኛሉ። ዶክሲሳይክሊን ከ1967 ጀምሮ በገበያ ያለ ርካሽ መድኃኒት ነው። የዚህ ወገን መድኃኒቶች የልጅ ጥርስ ያበላሻሉ ስለሚባል ከ8 ዓመት በታች ላሉ አይታዘዙም ነበር። የቻይና የሕክምና መመሪያም ለተላመደው ማይኮፕላዝማ የሚመክራቸው ከ8 ዓመት በላይ ላሉት ነው። ይሁንና የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከ2018 ወዲህ ዶክሲሳይክሊን እስከ 21 ቀን ድረስ በማንኛውም ዕድሜ ላለ ልጅ ሊሰጥ ይችላል ብሏል። ሌቮፍሎክሳሲንና የጃፓኑ ቶሱፍሎክሳሲን ደግሞ በሐኪም ጥብቅ ክትትል የሚሰጡ ናቸው።

አዲስ መድኃኒት ለምን አይመጣም?

አንባቢ «ታዲያ አዲስ መድኃኒት የሚሠራ ባለሀብት የለም ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሞክረው የከሰሩ አሉ። ሴምፕራ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሶሊትሮማይሲን የተባለ አዲስ ማክሮላይድ ይዞ ቀርቦ ነበር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2016 መጨረሻ በጉበት ላይ ስለሚያስከትለው ጉዳት ተጨማሪ መረጃ ካልቀረበ አልፈቅድም አለ፤ የኩባንያው አክሲዮን ተንኮታኮተ። ናብሪቫ የተባለው ሌላ ኩባንያ ሌፋሙሊን የተሰኘ መድኃኒቱን በ2019 ለአዋቂዎች አስፈቀደ፤ ይሁን እንጂ ሽያጩ ወጪውን መሸፈን አቅቶት በ2023 ሥራ ማቆሙን አስታወቀ። በሕንድ ዎክሃርት የሠራው ናፊትሮማይሲን በቅርቡ ለገበያ ቀርቧል፤ እርሱም ቢሆን ለአዋቂዎች ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት ዕድሜ ልክ ይገዛል፤ አንቲባዮቲክ ለአምስት ቀን። አዲስ ሲሆን ደግሞ ሐኪሞች እንዳይላመድ ብለው ለክፉ ቀን ያስቀምጡታል። ስለሆነም ያለው አሮጌ መድኃኒት ከተበላሸ ተተኪው ነገ ይደርሳል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው።

የእኛ አገር ገበያ

ኢትዮጵያ ከአዚትሮማይሲን ጋር ያላት ትውውቅ ከሌላው ዓለም ይለያል። በአገራችን ይህ መድኃኒት በብዛት የሚታወቀው በሳል ሳይሆን በዓይን ማዝ (ትራኮማ) ነው። በ1998 በተቋቋመው የዓለም አቀፍ የትራኮማ ፕሮግራም አማካይነት ፋይዘር መድኃኒቱን በነፃ ይሰጣል፤ እስከ አሁን ለልዩ ልዩ አገሮች ከ1 ቢሊዮን በላይ መጠን የለገሰ ሲሆን፣ ከተቀባዮቹ ዋነኛዋ ኢትዮጵያ ናት። የልጁ ቁመት በዘንግ እየተለካ ሽሮፑ የሚሰጥበት ዘመቻ በአማራ ክልል ገጠሮች የተለመደ ነው። ይህ የነፃ ዕቃ ለሽያጭ እንደማይውል መናገር አያሻም።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ፣ ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ የአገር ውስጥ ማስረጃ አለ። በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ የተካሄደና በ2010 የታተመ ጥናት፣ በየሦስት ወሩ መድኃኒቱ በተሰጣቸው መንደሮች በልጆች አፍንጫ ውስጥ የሚገኘው ኒሞኮከስ የተባለ ሌላ የሳንባ ምች ባክቴሪያ ምን ያህል እንደተላመደ መርምሯል። በመነሻው 3.6 በመቶ የነበረው በአንድ ዓመት 46.9 በመቶ ደርሷል። በዚያው የምርምር ሥራ ግን በታከሙት መንደሮች የልጆች ሞት መቀነሱም ታይቷል፤ ሥርጭቱ ሲቆም ደግሞ መላመዱ ወርዷል። እንግዲህ መድኃኒቱ ሕይወት ያድናል፣ በብዛት ሲሰጥ ደግሞ ይደነዝዛል፤ ሁለቱም እውነት ነው። ጥቅሙ በባለሙያ ተመዝኖ ለዘመቻ የሚሰጠው አንድ ነገር ነው። ማዘዣ ሳይጠየቅ በመስኮት የሚሸጠው ግን ጉዳቱን እንጂ ጥቅሙን የመዘነለት የለም።

በሌላ በኩል በአገራችን አብዛኞቹ ክሊኒኮች ማይኮፕላዝማን የሚለይ ምርመራ የላቸውም። ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ሳንባ ምች የዓለም ጤና ድርጅት በመጀመሪያ የሚመክረው አሞክሲሲሊን ነው፤ ለዚህም በቂ ምክንያት አለ፤ በዚያ ዕድሜ ልጅን በብዛት የሚገድሉት አሞክሲሲሊን የሚገታቸው ባክቴሪያዎች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት አንቲባዮቲኮችን ሲከፍል አሞክሲሲሊንና ዶክሲሳይክሊንን እንደ ልብ ሊገኙ ከሚገባቸው ወገን፣ አዚትሮማይሲንን ግን ጥንቃቄ ከሚሹት ወገን መድቧል። «ሦስት ቀን ብቻ ነው፣ ይሻለዋል» እየተባለ ለጉንፋን የሚሸጠው ሽሮፕ ከዚህ ምክር ጋር የሚቃረን ነው። ጉንፋን የቫይረስ ሥራ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይነካውም።

የዋጋውን ነገር ስናነሳ፣ ብሔራዊ ባንክ በጁላይ 2024 መጨረሻ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ከለቀቀ በኋላ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። መንግሥት መድኃኒትን ከሚደጎሙት ዕቃዎች ውስጥ እንደሚያስገባ በወቅቱ አስታውቆ ነበር። ያም ሆኖ የአገር ውስጥ ፋብሪካዎችም ቢሆኑ ዋናውን ጥሬ ዕቃ በውጭ ምንዛሪ የሚያስገቡ በመሆናቸው ከዚህ ንፋስ አያመልጡም።

ነጋዴው ምን ያድርግ?

በመጀመሪያ፣ የማይኮፕላዝማ ፈላጊ በየዓመቱ እኩል እንዳልሆነ ይወቅ። በወረርሽኝ ዓመት ባየው ሽያጭ ተነሥቶ ለሚቀጥለው ዓመት ኤልሲ የሚከፍት አስመጪ የአገልግሎት ጊዜው ሊያልቅ የተቃረበ ዱቄት ታቅፎ ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡን በአንድ ስም ላይ አይጣል። አሞክሲሲሊን በውኃ የሚሟሟ ክኒን፣ ዶክሲሳይክሊን፣ ከዚህም በላይ ደግሞ የመመርመሪያ ዕቃዎች ክፍት የሆነ ገበያ አላቸው። ተሕዋሱን የሚለይ ምርመራ ባለበት መድኃኒቱ ለሚገባው ልጅ ይደርሳል።

ሦስተኛ፣ የአቅራቢውን ምዝገባ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያረጋግጥ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እንደገመተው በታዳጊ አገሮች ከሚሸጡት አሥር የሕክምና ምርቶች አንዱ ከደረጃ በታች ወይም አስመሳይ ነው። መጠኑ የጎደለ ሽሮፕ ልጁን አያድንም፤ ተሕዋሱን ግን ያሠለጥናል።

አራተኛውና ዋናው፣ ማዘዣ ይጠየቅ። አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጥ በሕግ የተከለከለ መሆኑ ለማንም እንግዳ አይደለም። ዛሬ አንዲት ጠርሙስ ለጉንፋን በመሸጥ የሚገኘው ትርፍ፣ ነገ እውነተኛ ሳንባ ምች የያዘው ልጅ ሲመጣ የሚያድነው ዕቃ በማጣት ይከፈላል። ያ ልጅ የሩቅ ሰው ልጅ ላይሆን ይችላል፤ የነጋዴውም ልጅ የሚማረው ከዚያው ትምህርት ቤት ነው።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላል የአገራችን ሰው። የቻይና ገበያ የብብቱን ጥሏል፤ የጃፓን ገበያ ከወደቀበት ማንሣት እንደሚቻል አሳይቷል። የእኛ ገበያ የትኛውን መንገድ እንደሚይዝ የሚወስነው በየመድኃኒት ቤቱ መስኮት በየቀኑ የሚደረገው ሽያጭ ነው።